የልጆች ሽሮፕ ያለ መለኪያ አይሸጥ

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለልጆች የሚሰጥ ማንኛውም ፈሳሽ መድኃኒት በሚሊ ሊትር የተሰመረ መለኪያ ከሌለው እንዳይመዘገብ፣ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ የሚያደርግ መመሪያ አውጡ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን የመመዝገብ ሥልጣን የሰጠው ለእናንተ ነው። አስመጪው ፋይሉን ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ስለሆነ፣ መለኪያው ከጠርሙሱ ጋር በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ለማረጋገጥ ከእናንተ የቀረበ የለም።

ልጅ ሲያተኩስ መጀመሪያ የሚገዛው ፓራሲታሞል ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ አለ፤ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘም አለ፤ ለጨቅላዎች የሚሰጠው ጠብታ ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከመጀመሪያው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ቢወስድ 120 ሚሊ ግራም አገኘ፤ ልክ ነው። ያንኑ 5 ሚሊ ሊትር ከሁለተኛው ቢወስድ ከሚገባው እጥፍ በላይ ወሰደ። ከጠብታው ቢሆን 500 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለው መጠን በቀን አራት ጊዜ፣ ቀን በቀን ሲደጋገም ጉበትን ይጎዳል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ጉዳቱ እምብዛም ምልክት ስለማያሳይ፣ ወላጅ ልጁ ደህና ነው ብሎ መስጠቱን ይቀጥላል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም መያዙን ስንጨምርበት፣ «አንድ ማንኪያ ስጡት» የሚለው ምክር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ማንኪያውም ቢሆን አንድ አይደለም። ደንበኞች ከቤታቸው ያመጡትን የሻይ ማንኪያ በውኃ ሞልቼ በስሪንጅ ስለካው አንዱ 3 ሚሊ ሊትር እንኳ በቅጡ አይይዝም፣ ሌላው 7 ይደርሳል። በሾርባ ማንኪያ የሚሰጥም አለ፤ እሱ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ ግማሽ የቀረው ጠርሙስ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሕፃኑ ገና ዳዴ አላለም።

«እማማ፣ ስንት ሰጡት?» አልኳቸው።

«አንድ ማንኪያ ነዋ ልጄ፤ ለታላቁም የሰጠነው ይኸንኑ ነው፤ ያኔ በሁለት ቀን ነው የተሻለው።»

ታላቁ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ጠርሙሱ ላይ 250 የሚለው ቁጥር በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። በካርቶኑ ላይ አንድ ባለሙያ በእስክሪብቶ «1×3»፣ ማለትም አንድ በቀን ሦስቴ፣ ብሎበታል፤ አንድ ምን? የማን? የሚለውን ግን ካርቶኑ አይናገርም። ደግነቱ የሰጡት አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ሕፃኑ አልተጎዳም። እኒህ አያት ግን የታዘዙትን በጥንቃቄ ነው የፈጸሙት፤ ስለዚህ የጎደለውን መፈለግ ያለብን እኛ ዘንድ ነው።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ችግር ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ተብሎ የተጻፈውን ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት ብለው የሚረዱ ወላጆች አሉ፤ በቀን ሦስቴ መሆን የነበረበት አንቲባዮቲክ ሁለቴ ይሆናል። «ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም። አሞክሲሲሊን የመሰለ የሚበጠበጥ ዱቄት ሲሆን ደግሞ ውኃው እስከ ምልክቱ መሞላት አለበት፤ ሲያንስ መድኃኒቱ ይበረታል፣ ሲበዛ ይሳሳል። ከተበጠበጠ በኋላም እንደ አምራቹ መመሪያ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ይቆያል፤ እኛ አገር ግን የተረፈው ለሚቀጥለው ጉንፋን ይቀመጣል። ዱቄቱን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ የሚደፋበትን ቀን ጽፎ መስጠት የመድኃኒት ቤቱ ግዴታ ይሁን። ማድ ቤት ውስጥ በግምት መበጥበጥ ይቅር።

አገራችን ይህን ዓይነት ችግር ከዚህ በፊት በብልሃት አቃልላዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ለሳንባ ምች አሞክሲሲሊን፣ ለተቅማጥ ዚንክ የሚሰጡት በውኃ በሚሟሟ እንክብል ነው። ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ ግማሽ ነው። እናቲቱ ግማሽና ሙሉ እንክብልን በዓይኗ ስለምትለይ ለስሕተት የሚከፈተው በር ጠባብ ነው። አሜሪካም የጨቅላዎች ፓራሲታሞል ከትልልቆቹ ልጆች ሽሮፕ ጋር እየተምታታ ስላስቸገራት፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች ሁሉንም ወደ አንድ መጠን፣ 160 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር፣ ለውጠውታል። እኛም ከሦስት ዓይነት መጠን ወደ አንድ ማውረድ እንችላለን፤ የመንግሥት ግዢም በጨረታ ሰነዱ ላይ ያንኑ መጠን ቢጠይቅ ገበያው ይከተላል።

አስመጪዎች ዋጋ ይጨምራል እንደሚሉ አውቃለሁ። መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር የላስቲክ ስሪንጅ ከጠርሙሱ ዋጋ አንጻር ጥቂት ነው፤ በጉበት ጉዳት ሆስፒታል የሚተኛ አንድ ሕፃን ቤተሰቡን የሚያስወጣው ግን ጥሪት የሚያሟጥጥ ወጪ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ዋጋ መከራከር ለእኔ ይከብደኛል።

በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍም ወላጁ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ ይሁን። ማንበብ ለማይችሉት የስሪንጅ ሥዕል ይታተምና ባለሙያው በልጁ ክብደት ልክ መስመሩን በቀለም ያስምርበት። ክብደቱን ለማወቅ ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሠራ ሚዛን መኖር አለበት፤ ፈቃድ ስታድሱ ማቀዝቀዣውን እንደምታዩ ሁሉ ሚዛኑንም እዩልን።

ሌላው ስሕተት የሚደበቀው በፍርሃት መሆኑ ነው። እናቶች እንዳይቆጧቸው፣ ባለሙያዎች እንዳይቀጡ ዝም ይላሉ። መድኃኒት ያመጣውን ጉዳት የምንመዘግብበት አሠራር አለን፤ ልጁ ሳይጎዳ የተደረሰበት የመጠን ስሕተትም በዚያው እንዲመዘገብና ሪፖርት ያደረገ ሰው እንዳይጠየቅበት በግልጽ አስታውቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት የመስከረም 7 ቀን 2018ን የታካሚዎች ደህንነት ቀን ለጨቅላዎችና ለሕፃናት ሰጥቶ ነበር። የመለኪያው መመሪያ መቼ እንደሚወጣ፣ አስቀድሞ የተመዘገቡት ሽሮፖችስ እስከ መቼ ያለ መለኪያ እንደሚሸጡ በይፋ እንድትነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ረቂቁን ስታዘጋጁ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የምንሠራውን ጥሩን፤ ሥራችንን አቆይተን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመድኃኒት ቤት ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ