«መኪናው እምቢ አለኝ» ያለውን ሾፌር ማን ይመርምርለት? ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ሰላምታዬን በአክብሮት አስቀድማለሁ። የምጽፍልዎ ስለ አንድ ዓይነት አደጋ ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ወይም ሊቆም ሲል የነበረ መኪና ድንገት ይፈተለካል። አጥር ይጥሳል፣ ሱቅ ውስጥ ይገባል፣ እግረኛ ላይ ይወጣል። ሾፌሩ «ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው እምቢ አለኝ» ይላል። የከበቡት ሰዎች «ነዳጅ ረግጦ ነው» ይላሉ። ወሬው «አሽከርካሪው መቆጣጠር አቅቶት» በሚል አንድ ሐረግ ይዘጋል።

እንዲህ በቀላሉ መዘጋት የለበትም።

እምነቴን አልደብቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የእግር ነው። በ2024 ሴኡል ውስጥ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ አንድ የ68 ዓመት ሾፌር 9 ሰው ገደለ። መኪናው በራሱ ነው የሮጠው ብሎ ተከራከረ። መርማሪዎቹ ጫማውን ገልብጠው አዩ። የቀኝ እግሩ ጫማ ሶል ላይ የነዳጅ መስጫው ፔዳል ቅርጽ ታትሞ ተገኘ። የመኪናው መረጃ መቅረጫም ሲረግጥ የነበረው ነዳጁን እንደሆነ አሳየ። ፍርድ ቤቱም ጥፋተኛ አለው። ያሳመነኝ የፍርዱ ክብደት አይደለም፤ ጫማው ድረስ ወርደው መመርመራቸው ነው።

እግር ተሳሳተ ማለት ግን መኪናው ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አውዲ 5000 የሚባለው መኪና በዚሁ ክስ ስሙ ጠፋ። በ1989 የመንግሥት ጥናት የፔዳል ስህተት ነው ብሎ ደመደመ። ጥናቱ በዚያ አላበቃም፤ የፔዳሎቹ አቀማመጥ ራሱ ለስህተት እንደሚያጋልጥም ተናገረ። ዛሬ አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከፒ (ከማቆሚያው ማርሽ) አይወጣም። ያ መቆለፊያ በየመኪናው የተስፋፋው ከዚያ ውዝግብ በኋላ ነው። የሰው ስህተት በመኪና ላይ በተጨመረ አንድ ብልሃት ተቀነሰ።

ከዚያ የቶዮታ ጉዳይ መጣ። ነሐሴ 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ከቤተሰቡ ጋር ቶዮታ በሚሠራው ሌክሰስ ሲሄድ ነዳጅ መስጫው ተይዞ ቀረ። አራቱም ሞቱ። መንዳት የሚያውቅ፣ ሥራው መንገድ የሆነ ሰው ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? የእግር ምንጣፍ! የሌላ ሞዴል ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ገብቶለት ፔዳሉን ይዞበት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለምንጣፍና ተጣብቆ ለሚቀር ፔዳል ጥገና ተጠሩ። በ2011 የናሳ መሐንዲሶች ኤሌክትሮኒክሱን ፈትሸው እንዲህ ያለ ፍጥነት የሚያመጣ ብልሽት አላገኘንም አሉ። በ2013 ደግሞ በሌላ አደጋ ክስ የአሜሪካዋ የኦክላሆማ ግዛት ዳኞች ስለ ሶፍትዌሩ የቀረበውን የባለሙያ ምስክርነት ሰምተው በቶዮታ ላይ ፈረዱ። በ2014 ኩባንያው ስለ ደኅንነት ችግሮቹ ሕዝቡን በማሳሳቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የሌላዋ የአሜሪካ ግዛት የሚኒሶታ ጉዳይ ነው። በ2006 አንድ ስደተኛ ከቤተሰቡ ጋር በ1996 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ሲመለስ ከአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ሌላ መኪና መታ። ሦስት ሰው ሞተ። ፍሬን ይዣለሁ አለ፣ የሚያምነው አጣ። 8 ዓመት ተፈረደበት። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከታሰረ በኋላ በ2010 ጉዳዩ ታይቶ ተፈታ። በ2015 በፍትሐ ብሔር ክርክር ዳኞቹ 60 በመቶውን ጥፋት ለቶዮታ፣ 40 በመቶውን ለእሱ ሰጡ። ሾፌሩ ነው ወይስ መኪናው ብለን ስንጨቃጨቅ መልሱ አንዳንዴ ሁለቱም ነው። ያንን ለማወቅ ግን መኪናው መከፈት አለበት።

ወደ እኛ ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የማንኛውንም ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሾፌር በር ከፍተው ወለሉን ይዩ። ኦሪጅናሉ ምንጣፍ ላይ የገበያ ላስቲክ፣ ክረምት ሲሆን እሱ ላይ ካርቶን። ላቫጆ ገብቶ ሲወጣ ምንጣፉ መያዣው ላይ ሳይገባ ዝም ብሎ ይጣላል። ትንሽ ወደ ፊት ሲንሸራተት ጫፉ ነዳጅ መስጫው ሥር ይገባል። ፖሊሱንና ቤተሰቡን የገደለው ነገር በየመኪናችን ወለል ላይ አለ። ቦሎ ሲታደስ ይህን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እባክዎ ይታይ።

ሌላው ሥልጠናው ነው። ብዙዎቻችን መንዳት የለመድነው በማንዋል ነው። እዚያ የጨነቀው ሰው ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ ከጎማው ይለያል። አውቶማቲክ ላይ ያ ፔዳል የለም። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ጉልበቱ እግር እንደነካ ይመጣል፤ የሞተር ጩኸት ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ብዙ ሰው ወደዚህ እየገባ ነው። ለሠልጣኙ ሁሉ ይነገር፦ መኪናው ከሮጠብህ ፍሬኑን በሙሉ ኃይልህ አንዴ ረግጠህ አትልቀቅ፤ ማርሹን ኤን (ኒውትራል) ላይ ጣል። የነዳጅ መኪና ከሆነ ፍሬኑን ደጋግመህ አትምታ፤ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ እየሮጠ ፍሬኑን የሚያቀለው ሰርቮ የሚሠራበትን ቫኪዩም (የአየር መሳብ ኃይል) ስለማይተካ ፔዳሉ ይደነድናል።

ዋናው ልመናዬ ምርመራው ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ከግጭቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ይመዘግባሉ፤ ፍጥነቱን፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን። መዝገቡ የሚነግረን ኮምፒውተሩ ያየውን ብቻ ስለሆነ እሱም ለብቻው አይበቃም። ስለዚህ ክሬን መኪናውን ሳያነሳ በፊት የፔዳሉና የምንጣፉ ፎቶ ይነሳ። ጫማው ይያዝ። በሻንሲ ቁጥሩ ያልተፈጸመ የአምራች የጥገና ጥሪ ካለ ይጣራ። መረጃውን የሚያነበው ባለሙያም ከአስመጪውም ከኢንሹራንሱም ገለልተኛ ይሁን።

ይህን ለመጀመር ትልቅ ተቋም መገንባት አያስፈልግም። ከፖሊስ ጋር ተነጋግረው ሰው የሞተባቸውንና ሾፌሩ «እምቢ አለኝ» ያለባቸውን አደጋዎች ብቻ በዚህ መንገድ ያስመርምሩ፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ያሳውቁ። የሟች ቤተሰብም ሾፌሩም ምን እንደተፈጠረ የማወቅ መብት አላቸው።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ