ስለ አርቪ-7ቱ የጭራ ስፓር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአርቪ-7 አውሮፕላንዎ የዓመት ምርመራ ስለደረሰ ጭራውን ከመነካካትዎ በፊት ይህን ያንብቡልኝ። በስልክ «ስንጥቅ ካለ ወፍራም ላሜራ እደርብበታለሁ» ያሉኝ አላማረኝም።

የአርቪ አውሮፕላኖችን ኪት የሚያመርተው ኩባንያ ቫንስ በማሳሰቢያ ቁጥር 14-01-31 በአርቪ-6፣ 7 እና 8 ላይ እንዲታይ ያዘዘው የአግድም ጭራውን የፊት ስፓር፣ ማለትም ጭራውን ከውስጥ የሚሸከመውን ረጅም አግዳሚ ነው። ስፓሩ ወደ መሃል ሲጠጋ ፍላንጁ (የታጠፈው ጠርዙ) ተቆርጦ የሚያልቅበት ጥግ አለ፤ ከላይም ከታችም። ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ጥግ ነው። ጭነቱ እዚያ ይሰበሰባል፤ በሊማ ያልለሰለሰ ጭረት ካለበትማ ይብሳል።

ቀለሙን በኬሚካል ያንሱት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ሲፈገፈግ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፤ ስንጥቅ የሚያሳየው ቀዩ ፈሳሽ ቀለምም አይገባበትም። ካጸዱ በኋላ ቀዩን ቀብተው ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ አያንስም። ሲጠርጉ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ ይንፉ፤ ብረቱ ላይ በቀጥታ ከነፉት ስንጥቅ ውስጥ የገባውንም አጥቦ ያወጣዋል። ከዚያ ቀዩን ከስንጥቁ ስቦ የሚያወጣውን ነጩን ዱቄት በስሱ ይንፉ። ቀጭን ቀይ መስመር ከወጣ ስንጥቅ ነው። በሪቬት (ላሜራዎቹን በሚያያይዘው ምስማር) ዙሪያ የሚደበዝዝ ቀይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልተጠረገ ቀለም ነው፤ አጽድተው ይድገሙት። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ፤ በዓይን ብቻ አይመኑ፣ የኔም ዓይን አያየውም።

ስንጥቅ ካለ መጀመሪያ ርዝመቱን ማሳሰቢያው ከሚፈቅደው ጋር ያስተያዩ። ካለፈ ስፓሩ ይለወጣል፤ ድርድር የለውም። ካላለፈ፣ እንዳይቀጥል የስንጥቁ ጫፍ ላይ በቁጥር 30 ፑንታ ይበሱ። እውነተኛው ጫፍ በዓይን ከሚታየው ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ወደፊት ገፋ ይበል። የቀዳዳውን አፍ በሁለቱም በኩል አለስልሰው ቀዩን ይድገሙ፤ ከቀዳዳው አልፎ መስመር ከታየ ጫፉን ስተውታል ማለት ነው።

ወደ ላሜራው ልመለስ። ወፍራም ቁራጭ ድንገት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጭነቱ ሁሉ ወደ ቀጭኑ ስለሚዞር፣ አዲሱ ስንጥቅ በድርቡ ጫፍ፣ ማንም በማያይበት ቦታ ይነሳል። ኩባንያው በሥዕሉ ያወጣውን ድርብ ብቻ ይግጠሙ። ጥጎቹን ያክብቡ፣ ጠርዙን በሊማ ያለስልሱ፣ በድርቡና በስፓሩ መካከል ፕራይመር (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀቡ። ለ1/8 ኢንች ሪቬት ከቀዳዳው መሃል እስከ ጠርዝ ቢያንስ 1/4 ኢንች ይቅር። ተመትቶ የሚፈጠረው የሪቬቱ ራስ ስፋቱ 3/16፣ ከፍታው 1/16 ኢንች ግድም ይሁን። አሮጌ ሪቬት ሲያወጡ ራሱን ብቻ በትራፓኖ በስተው ግንዱን በመምቻ ያስወጡ፤ እስከ ታች ከበሱት ቀዳዳው ይሞላላል።

መልሰው ሲያስሩ ክፍተት ካዩ በብሎን ጎትተው አይዝጉት፤ ሺም (ክፍተት የሚሞላ ቀጭን ቁራጭ) ያስገቡ። በጉልበት የተዘጋ ክፍተት አውሮፕላኑ ቆሞም ስፓሩን እየወጠረው ያድራል፤ ስንጥቁን ያመጣውም እሱ ሊሆን ይችላል። የማጥበቂያው ልክ ለቀጭኑ የአውሮፕላን ብሎን ኤኤን3 ከ20 እስከ 25፣ ለወፍራሙ ኤኤን4 ከ50 እስከ 70 ኢንች-ፓውንድ ነው። ናይለን ያለው ዳዶ እስኪቀመጥ ሲዞር የሚያሳየውን ተቃውሞ ለክተው በዚህ ላይ ይደምሩ። በጣት ብቻ ተሽከርክሮ ናይለኑን ካለፈ ይጣሉት። መገጣጠሚያው ዳዶውን ወይም ብሎኑን በሚያሽከረክርበት ቦታ ሁሉ ናይለን አይበቃም፤ ባለ ኮፒሊያ (መቆለፊያ ፒን) ዳዶ ይግባ። ለመኪና ጎማ የሚጠቀሙበት በፉት-ፓውንድ የሚለካው ቁልፍ ግን ወደ ጭራው አይጠጋ፤ ኤኤን3ን ሳይታወቅዎ ይበጥሰዋል።

በሪቬት ዙሪያ ጥቁር ጭስ የሚመስል ጭረት ካዩም ሪቬቱ ላልቶ እየተፋጨ ነውና ምልክት ያድርጉበት።

ትራፓኖውን ከማንሳትዎ በፊት የቀዩን መስመር ፎቶ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው፣ ይላኩልኝ።

ልጅዎ