የመሬት መንሸራተት ማስጠንቀቂያን ለመወሰን የተጠራ ስብሰባ

የተከበራችሁ አባላት፣

ከባድ ዝናብ የሚያስከትለውን የመሬት መንሸራተት አስቀድሞ ለማሳወቅ በምንዘረጋው ሥርዓት ላይ ለመወሰን፣ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በመሰብሰቢያ አዳራሹ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ዋናው ውሳኔ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት የዝናብ መጠን ነው። ሆንግ ኮንግ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዝናብ መረጃ ላይ የተመሠረተ የናዳ ማስጠንቀቂያ ስትሰጥ ቆይታለች፤ ሆኖም የሌላ አካባቢን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ተዳፋቱን የሚያንሸራትተው የአንድ ሌሊት ዶፍ ብቻ ሳይሆን፣ ቀደም ባሉት ቀናትና ሳምንታት ወደ አፈሩ የሰረገው ውኃ ጭምር ነው፤ ይህ ውኃ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ግፊት እየፈጠረ አፈሩ የሚይዝበትን ጥንካሬ ያዳክማል። ስለዚህ ዕለታዊ ዝናብን በሚሊሜትር የመዘገባችሁ ሁሉ፣ የአንድ ክረምት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ። አዲስ የመሬት ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ያያችሁም ቦታውን በወረቀት ላይ አመልክታችሁ አምጡ።

እኔን ከመሣሪያው ይልቅ እጅግ የሚያሳስበኝ ማስጠንቀቂያው በሌሊት ለእያንዳንዱ ቤት እንዴት እንደሚደርስ ነው። ስልክ ሲቋረጥ ደወል የሚደውልና አረጋውያንን የሚያወጣ ሰው በስም መመደብ አለበት።

ለዚህ ኃላፊነት ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ እንዲሁም መገኘት የማትችሉ፣ እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ቡድን መልስ ስጡን።