ለደንበኞቻችን፦ ከታብሌቱ በፊት አንድ ፕሮጀክተር የምንለው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የሳይንስና የሒሳብ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት

እንደምን ሰነበታችሁ? ለመጪው የትምህርት ዘመን ዋጋ ከጠየቃችሁን ትምህርት ቤቶች ብዙዎቻችሁ የፈለጋችሁት ለየተማሪው አንድ ታብሌት ነው። እኛ ግን በመልሳችን ለአንድ ክፍል አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ላፕቶፕና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አነስተኛ ሰርቨር (የትምህርት ፕሮግራሞችን አስቀምጦ ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያካፍል ኮምፒውተር) አስቀድመናል። ታብሌቱን ብንሸጥ ገቢያችን ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ ምክንያታችንን መስማት ይገባችኋል።

በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎቻችሁ በተማሪነት ወይም በመምህርነት አልፋችሁበታል። ትምህርቱ በሳተላይት ወደ ክፍሉ ቴሌቪዥን ይመጣ ነበር፤ ለመምህሩ መግቢያውና መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈው ነበር፤ ያልገባው ልጅ ቢኖርም ስርጭቱ አይቆምም ነበር። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄድ ነበር። ምስሎቹ በቤተ ሙከራ የማይገኘውን ማሳየታቸው እውነት ነው። ሆኖም መምህሩ በገዛ ክፍሉ «ቆይ፣ እዚህ ጋ እንነጋገር» ማለት አልቻለም። እኛ አንድን የትምህርት መሣሪያ ከመምረጣችን በፊት የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መምህሩ ሊያቆመው ይችላል ወይ?

የኤሌክትሪክ ዑደትን እንውሰድ። ብዙ ተማሪዎች ከረንት (በሽቦው የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) አምፖሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚያልቅ ወይም የሚቀንስ ይመስላቸዋል፤ የኦምን ሕግ በቃላቸው የሚወጡትም ጭምር። መምህሯ በ«ፌት»፣ ማለትም የሳይንስ ሙከራን በኮምፒውተር አስመስሎ በሚያሳይ ፕሮግራም (ሲሙሌሽን)፣ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ታገናኛለች፤ ከአምፖሉ በፊትና በኋላ አሚተር (የከረንት መለኪያ) ታስገባለች። ማብሪያውን ከመንካቷ በፊት «የትኛው ይበልጣል?» ብላ ትጠይቃለች። ልጆቹ እጅ ያወጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። ሲበራ ሁለቱም አሚተሮች እኩል ያነባሉ። አምፖሉ የወሰደው ጉልበት እንጂ ከረንት አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ የተሳሳተውም ልጅ የራሱን ግምት ጽፎ ይዟልና ያዳምጣል። በየእጃቸው ታብሌት ቢኖር አብዛኞቹ ቁልፉን ተጭነው፣ ቁጥሩን አይተው ያልፉ ነበር፤ ክርክሩ አይነሣም።

ፌትን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። ነፃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከፊሉም ወደ አማርኛ ስለተተረጎመ ለታችኛው ክፍል ይጠቅማል። እነዚህን ፕሮግራሞች አንሸጥላችሁም። የምናስከፍላችሁ ለዕቃው፣ ለተከላውና ለሥልጠናው ብቻ ነው።

ለሒሳብ ጂኦጀብራ የሚባለውን ግራፍ የሚሥል ፕሮግራም እንጭናለን። በ y = ax² + bx + c ላይ b ብቻ ሲቀየር ግራፉ ወዴት ይሄዳል? «ወደ ጎን» የሚል መልስ ይበዛል። መምህሩ b ን የሚቀይረውን ተንሸራታች ቁልፍ በስክሪኑ ላይ ሲስበው የግራፉ ጫፍ፣ ማለትም መታጠፊያው፣ ራሱ ሌላ ፓራቦላ እየሣለ ይጓዛል። ይህን በጠመኔ ለማሳየት ሰሌዳው ሙሉ አይበቃም።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፦ ያላችሁን ቤተ ሙከራ አትዝጉ። በሲሙሌሽን ውስጥ የላላ ሽቦም ሆነ የተሳሳተ ንባብ አይገጥምም፤ መለካትን የሚያስተምረው ደግሞ ይኸው ነው። አንድ ሜትር ክርና ድንጋይ አንጠልጥላችሁ አሥር ምልልስ ብትቆጥሩ ወደ 20 ሰከንድ ይወስዳል። ልጆቹ በስልክ ሰዓት ይያዙት፤ የየቡድኑ ውጤት ለምን እንደተለያየ ይነጋገሩበት። ወጪ የለውም።

መብራትን በተመለከተ፣ ሰርቨሩ የሚፈጀው ከ10 ዋት በታች ስለሆነ በትንሽ ባትሪ ይቆያል። ኃይል የሚበላው ፕሮጀክተሩ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያላችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አሳውቁን፤ የባትሪውን መጠን አብረን እናስላ።

ከዚህ ዓመት ጀምሮ ያለ መምህራን ሥልጠና ዕቃ ብቻውን አንሸጥም። ከየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ የሳይንስና አንድ የሒሳብ መምህር በክረምቱ እንዲሠለጥኑ እንጠይቃለን። ሲመጡ ተማሪዎቻቸውን በጣም የሚያስቸግረውን አንድ ምዕራፍ መርጠው ይምጡ፤ ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚያ ምዕራፍ ነው። ታብሌት ቀድማችሁ የገዛችሁም አትጨነቁ፤ ከሰርቨሩ ጋር በዋይፋይ አገናኝተን ለቡድን ሥራ፣ ለአራት ልጅ አንድ አድርገን እናዘጋጅላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና ባልደረቦች