ለወንድሜ፣ ስለ አክታው ካልቸር

ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ መውሰዷን ስሰማ እፎይ አልኩ።

«ካልቸሩ መድኃኒቱ ይሠራል እያለ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕመምተኛ ለምን አይሻለውም?» ላልከኝ (ካልቸር ማለት ባክቴሪያውን ከአክታው አሳድጎ መመርመር፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስም በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው)፣ ነገሩ ያለው አክታው ውስጥ ነው። የአየር ቧንቧው ጨውና ውሃ በልኩ ስለማያሳልፍ አክታው እንደ ሙጫ ይወፍራል። ሰውዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ እዚያ ከሰፈረ አልጂኔት የሚባል ልጋግ ለብሶ በመንጋ ይቀመጣል፤ ባዮፊልም የምንለው ነው። ያንተ ዲስክ (መድኃኒት የተነከረው ክብ ወረቀት) የሚፈትነው ደግሞ ሚዲያ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ እንደ ልቡ የሚበዛውን ነው። በባዮፊልሙ ውስጥ ያለው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አንቲባዮቲክ ይቋቋማል። በተቃራኒው «አር» (ተህዋሱ ይቋቋመዋል) ብለህ የጻፍክበት ቶብራማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በኔቡላይዘር (መድኃኒትን ወደ ጉም በሚለውጥ መሣሪያ) ሲሳብ ሊጠቅም ይችላል፤ መለኪያው የተቀመጠው በደም ለሚገኘው መጠን ነውና፣ አክታው ውስጥ የሚደርሰው ግን እጅግ ይበልጣል። የሚሰጠው 300 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ለ28 ቀን ነው፤ ከዚያ 28 ቀን ይታረፋል። ሰውዶሞናስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ዕለት ግን ለሐኪሙ በስልክ ንገር፤ ገና ልጋግ ሳይለብስ በዚሁ የ28 ቀን ሕክምና ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራህ ልምጣ። አክታውን አክታ በሚያቀጥነው ኬሚካል፣ በዲቲዮትሪቶል አሟሟው፤ አለዚያ ከአንዱ ጓል ብቻ ትዘራለህ፣ ሌላው ያመልጥሃል። ማኮንኪ፣ ቸኮሌት አጋርና ማኒቶል ሶልት በተባሉት ሚዲያዎች ላይ ዝራ። ቡርኮልደሪያ ሴፓሲያ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰውዶሞናስ ይውጠዋል፤ ለእሱ የተዘጋጀ መራጭ ሚዲያ ላይ እስከ 5 ቀን ጠብቀው። ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክ ይህን ባክቴሪያ በተፈጥሮው አይበግረውም።

ከአንድ ሳህን ላይ ልጋጋሙን፣ ጠፍጣፋውንና ጥቃቅኑን ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ለየብቻ ፈትን፤ አንድ ዘር ሆነው እንኳ ለመድኃኒት ያላቸው መልስ ይለያያል። ልጋጋሙን ለመድኃኒት መፈተኛው ማሽን አትስጥ፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል። በዲስክ ሠርተህ ሙሉ 24 ሰዓት ጠብቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በዚል ኒልሰን ቀለም በማይክሮስኮፕ ቀይ ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ታይቶ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ) ቲቢ የለም ካለ፣ የቲቢ ተህዋስ ዘመድ የሆነውን ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስን ጠርጥር። በተለመደው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብቻ ካጸዳኸው ሰውዶሞናስ ተርፎ ካልቸሩን ይሸፍነዋል፤ 5 በመቶ ኦክሳሊክ አሲድ ጨምርበት። ውጤቱ ሳይለይ ለብግነቱ ተብሎ አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ብቻውን በሳምንት 3 ቀን ከተጀመረ ተህዋሱ ይላመደዋል፤ ያኔ ዋናው መድኃኒት ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ ውጤቱ እስኪደርስ እንዲጠብቁ ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጻፍላቸው።

ዲቲዮትሪቶሉ እዚያ ካልተገኘ ቶሎ መልእክት ላክብኝ፣ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ።

እህትህ