የኸርሊንግ ዘገባ ከመንደሮቹ ይጀምር

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

በዱላና በኳስ ስለሚጫወቱት የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ፣ ስለ ኸርሊንግ ሲወራ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የጨዋታው ፍጥነትና ከ82,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው የደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ነው። የስፖርት ገጻችሁ ይህን ጨዋታ በሚያነሳበት ጊዜ ከስታዲየሙ ይልቅ ከገጠር መንደሮቹ እንዲጀምር ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ብዙዎቹ መንደሮች ታሪካቸውን ጠብቀው ያቆዩት በዚህ ጨዋታ ነውና።

ኸርሊንግን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1884 በቲፐራሪ ካውንቲ፣ ተርለስ ከተማ ሲመሠረት፣ ዋነኛው ጠንሳሽ ማይክል ኩሳክ በታላቁ ረሃብ ዘመን፣ በ1847 በክሌር ገጠር የተወለደ መምህር ነበር። ረሃቡና ስደቱ በብዙ ቦታ ጨዋታውን አዳክመውት ስለነበር፣ ማኅበሩ ክለቦቹን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወሰን ማደራጀቱ ትልቅ ውጤት አስገኝቷል። ተጫዋቹ የሚሰለፈው ላደገበት አጥቢያ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በክሮክ ፓርክ የሚጫወቱት ደመወዝ አይከፈላቸውም። የመጀመሪያው የአገር አቀፍ ሻምፒዮና የፍጻሜ ግጥሚያ በ1888 በቢር ከተማ ሲካሄድ እንኳ ቲፐራሪን የወከለው የተርለስ፣ ጎልዌይን የወከለው ደግሞ የሚሊክ ክለብ ነበር።

በኮርክ ካውንቲ የምትገኘውን ክሎይንን እንመልከት። ጥንታዊ ክብ የድንጋይ ግንብ አላት፤ ፈላስፋው ጆርጅ በርክሊም በ18ኛው መቶ ዘመን ጳጳስ ሆኖ ያገለገለው እዚያ ነው። ይሁንና ከጨዋታ ሜዳዋ አጠገብ ሐውልት የቆመለት፣ ከኮርክ ጋር 8 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው የመንደሯ ልጅ ክሪስቲ ሪንግ ነው። በኪልኬኒ ካውንቲ ያለችው ትንሿ ባሊሄልም የአየርላንድን የክለቦች ዋንጫ 9 ጊዜ አንስታለች፤ በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሸንፍ ከተሰለፉት መካከል ሰባቱ የአንድ እናት ልጆች፣ የፌነሊ ወንድማማቾች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ክለብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ የየቤቱን ትውልድ ሳይቆጥር፣ ማን እንደተሰደደና ማን በእርሻው ላይ እንደቀረ ሳይጠይቅ ሊጽፈው አይችልም። የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር እየሄደ 15 ተጫዋች ማሟላት የሚያቅታቸው ክለቦች ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ሲዋሃዱ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ሐዘን የሚቆጥሩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ከ1937 እስከ 1939 የተደረገውን ነው። የሕዝቡን ትውፊት የሚሰበስበው የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የየመንደራቸውን አረጋውያን ጠይቀው የሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ አደረገ። ሕግና የተጫዋች ቁጥር ሳይወሰን፣ አጥቢያ ከአጥቢያ በየመስኩ ይጋጠም የነበረበት የድሮው ኸርሊንግ ትዝታም በእነዚያ ልጆች እጅ ተጽፎ ተርፏል።

እኛም በዱላና በሩር የምንጫወተው ገና አለን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ከሚለው አባባል በስተቀር፣ የትኛው መንደር ከየትኛው ጋር በየትኛው መስክ እንደተጋጠመ የተጻፈልን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመጪው ገና በፊት አንድ ዓምድ ከፍታችሁ፣ አንባቢዎች ልጆቻቸውን ከአያቶቻቸው ጋር አስቀምጠው የሜዳውን ስም፣ ዱላው የሚቆረጥበትን ዛፍና የተጫዋቾቹን ስም እየጻፉ እንዲልኩላችሁ ብትጋብዙ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ