ስለ አባባ ዋሽንት

ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማ፣ አባባ፣ ልጆቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ላይ ድሮ እንደምንጽፈው «ከናፍቆትህ በስተቀር» ብዬ ልቀጥል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልላከ ሰው ግን ስለ ናፍቆት ለማውራት አፉ አይደፍርም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጥፋቴ ልግባ።

የአባባ ዋሽንት ተሰነጠቀብኝ።

ኪዮቶ ከገባሁ የመጀመሪያው ጥር ነበር። ብርዱን ስላልቻልኩት የክፍሌን ማሞቂያ ሌት ተቀን አላጠፋውም ነበር። አንድ ሌሊት «ጧ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ዋሽንቱ ከአፉ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ ድረስ ተተርትሯል። የማሞቂያው ደረቅ አየር ቀርከሃን እንደሚገድል ያወቅሁት በኋላ ነው። በሳምንቱ ያንተ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከግርጌው «አባባ ዋሽንቴን ይነፋዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ» ይላል። ምን ብዬ ልመልስ? ጠግኜው እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ስል ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ወለደ።

ለማስጠገን የሄድኩት ሻኩሃቺ የሚባለውን የጃፓን ዋሽንት ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ከፎጣ ውስጥ አውጥተው ወደ መስኮቱ አቀኑት፣ በአንድ ዓይናቸው ውስጡን አዩ፣ ከዚያ አሸተቱት። «ይህ ጭስ የጠገበ ነው» አሉኝ። የቤታችሁ ጭስ እዚህ ድረስ መምጣቱን ሳስብ ሆዴ ባባ። ዋጋውን ስጠይቃቸው «እኔ አልጠግነውም፣ አንተ ትጠግነዋለህ፤ ቅዳሜ ና» አሉ። በሥራ ቀን ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ፣ ቅዳሜ ግን እስከ ዛሬ የእሳቸው ናት።

ስንጥቁ የሚታሰርበትን ክር እንድይዝ የፈቀዱልኝ ወዲያው እንዳይመስልህ፤ መጀመሪያ የራሴን ሻኩሃቺ መሥራት ነበረብኝ። በቀጣዩ ዓመት የብርድ ወራት ሲመጣ ቀርከሃ ቆረጣ ወሰዱኝ። የሚቆረጠው በብርድ ነው፤ ያኔ በግንዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይቀንሳል። ማዳኬ የሚሉት ወፍራም ግድግዳ ያለው ዓይነት ነው፤ እሱም ከነሥሩ መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም የሻኩሃቺ ታችኛው ጫፍ የቀርከሃው ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ በጉልበቴ ተንበርክኬ አፈር ስጭር፣ ሥር ስመዝዝ፣ ስቆርጥ ዋልኩ። ከዚያ ሁሉ ጫካ ይዘን የወጣነው አሥር እንኳን አይሞላም። ውፍረቱ ልክ ሲሆን የአንጓዎቹ ርቀት ይበላሻል፤ አንጓው ሲያምር ሥሩ ይጎብጣል። ሰባት አንጓ በየቦታው ቁጭ ያለበት ሲገኝ ሽማግሌው እንደ ሕፃን ይስቃሉ።

ከዚያ በከሰል ፍም ላይ እያገላበጡ ማላብ ነው። አረንጓዴው ልጥ ሲሞቅ ዘይት ያወጣል፣ ወዲያው በጨርቅ ትጠርገዋለህ። ቢዘገዩ ይቃጠላል፣ ቢቸኩሉ ዘይቱ ውስጡ ይቀራል። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ይሰጣል፣ አረንጓዴው እየለቀቀ የቅቤ መልክ ይይዛል። ከዚያስ? ከዚያማ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ለዓመታት ይቀመጣል! የእኔዋን ሦስት ዓመት ጠበቅኳት። የአንተን ደብዳቤ ባየሁ ቁጥር «ቀርከሃዋ ስትደርቅ» እል ነበር። ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሻኩሃቺ ማለት የቁመቱ ስም ነው፤ አንድ ሻኩ ከስምንት ሱን፣ በእኛ 54.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክንድ ከጋት ብትለው ብዙ አትስትም። ቀዳዳው አራት ከፊት፣ አንድ ከኋላ ለአውራ ጣት። አፉ እንደ ዋሽንታችን ደፍን ክብ ሳይሆን በአንድ በኩል ወደ ውጭ ተዘቅዝቆ የተጠረበ ነው፤ እንዳይበላም የጎሽ ቀንድ ይሰካበታል። ጭንቅላትህን ዝቅ ስታደርግ ድምፁ ይወርዳል፣ ቀና ስትል ይወጣል። «አንገት ለመነቅነቅ ሦስት ዓመት» የሚል አባባል አላቸው። እስክስታ ያሳደገውን ሰው አንገት መነቅነቅ ያስተምሩታል? ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ትዕቢቴ ሁለት ቅዳሜ አልቆየም።

ትልቁ ጣጣ ውስጡ ነው። በኡሩሺ፣ ማለትም በዛፍ ሙጫ፣ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ይለወስና የውስጡ ግድግዳ ይቀባል፣ ከዚያ በረጅም ሞረድ ይፋቃል። የእኔዋ የታችኛው ድምፅ ሰልላ አስቸገረችኝ። ሽማግሌው ጋዜጣ ቀደዱ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በውኃ አርሰው በዘንግ ውስጧ ለጠፉና «ንፋ» አሉኝ። ባሰበት። ቁራጯን ወደ ታች ጥቂት ገፋ አደረጓት፤ ድምፁ ደረቱን ገልብጦ ወጣ። ያቺ እርጥብ ጋዜጣ ባማረችበት ቦታ ሙጫው ይጨመራል፣ ባስከፋችበት ይፋቃል ማለት ነው። ኡሩሺው ደግሞ ጉደኛ ነው፦ እርጥበት ካላገኘ አይደርቅም፣ ቆዳህን ከነካ ደግሞ ያሳክካል። ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ አንድ ሳምንት ከሰው ተደብቄ ከረምኩ።

ስለ ኮሙሶዎች ሳልነግርህ አልቀርም። ፉኬ በሚባለው የቡድሃ እምነት ክፍል ሥር የነበሩ መነኮሳት ናቸው። ፊታቸውን የሚሸፍን ቅርጫት ደፍተው፣ ሻኩሃቺ እየነፉ ምጽዋት ይለምኑ ነበር። መንግሥት በ1871 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንን የእምነት ክፍል አፈረሰው። የቆሎ ተማሪ ነው የመሰሉኝ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» በሚለው ፈንታ ዋሽንት ያለው።

አንድ ነገር ግን ካንተ በቀር የሚገባው ሰው አጣሁ። የጨረስኳትን ይዤ ቀዳዳዎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ስከፍት ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ አለች። ባቲ ማይነር እኮ ነው! ሚያኮቡሺ የሚሉት ቅኝታቸው ደግሞ ድምፆቹ ከአምባሰል ጋር አንድ ናቸው። ጉዞውና ጌጡ ይለያል፣ ቢሆንም ሐይቅ ዳር ላደግን ልጆች ጆሮ ማታለያ ነው። ሽማግሌው ሲጫወቱ ስንት ጊዜ ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠርጌያለሁ።

ባለፈው ወር የአባባን ዋሽንት ከመሳቢያ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞላሁ፣ በላስቲክ ጠፍሬ አስማማሁ፣ ዙሪያውን ሦስት ስስ ቦይ አውጥቼ ክር ጠመጠምኩበት፣ በላዩ ኡሩሺ ቀባሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ይነፋል።

እሑድ በእናንተ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አባባ ከቅዳሴ ከተመለሱ ስልኩን ከጆሯቸው አድርግላቸው፣ ምንም አትንገራቸው። ክሩ ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይሰማል፤ እሳቸው አያልፉትም። ሲጠይቁ እኔው እነግራቸዋለሁ።

አብሮ አደግህ